ሙሰዓብ አጣሞ የተረጎማት ቃል

ሐርጌሳ ፍርስራሿን እየጠረገች እንደገና በምትሠራበት ዘመን፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈሯ ውስጥ፣ ሚኒባሶች ወደ መሀል ከተማ በሚጭኑበት ጥግ፣ ሙሰዓብ የሚባል ሰው ከአንዲት ጠባብ መስኮት ኋላ የጽሕፈት መኪናውን ዘርግቶ ይቀመጥ ነበር። የድሬዳዋ ልጅ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰ አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ ገባ፤ መጋዘኑ ሲዘጋ ሚስቱን ሰዓዳን አስከትሎ፣ የጽሕፈት መኪናውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ድንበር ተሻገረ። ሲመጣ ለሦስት ወር ብሎ ነበር። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዓመት ላይ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

ሥራ ሞልቶለታል። በጦርነቱ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ድንጋዩን ለቅሞ፣ ቆርቆሮ ፈልጎ መልሶ ያቆመዋል፤ የተቃጠለበትን ወረቀት ግን ከየትም አይለቅመውም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ሰልፍ አለ። የመሬቱ ካርታ የጠፋበት ይመጣል፤ ስዊድን ላለ ወንድሟ ደብዳቤ የምታስጽፍ ትመጣለች፤ ከእርዳታ ድርጅት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ደርሶት ምን እንደሚል ያላወቀ ይመጣል። ሙሰዓብ እየሰማ ይጽፋል፣ እያነበበ ይተረጉማል። ለሶማሌው በሶማሊኛ፣ ከኢትዮጵያ ለመጣው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ይነግራል። ሰዉ «መዓሊን» ይለዋል፤ መምህር ማለት ነው። አስተምሮ አያውቅም፤ ስሙ ግን ደስ ይለዋል። እያደር ይኸው ስም አንድ ክፉ አመል አስለመደው። የማያውቀው ቃል ሲገጥመው «ይህን አላውቀውም» ማለት ተሳነው። ከዙሪያው ካሉት ቃላት እየገመተ ያልፈዋል። ብዙ ጊዜ ግምቱ ይሰምርለታል።

በጁላይ የመጀመሪያው ሰኞ ግን አልሰመረም።

ነፋሱ አቧራውን እያነሳ በሰው ፊት ላይ በሚያራግፍበት ረፋድ ላይ፣ አንዲት ረጅም ሴት የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ሰልፉን ጠበቀች። ተራዋ ሲደርስ አጎንብሳ በመስኮቱ አየችው።

«መዓሊን፣ አማርኛ ትችላለህ አሉኝ» አለችው፤ የጅግጅጋ አማርኛ ነው የምትናገረው። «በአማርኛ ንገረኝ። በሶማሊኛ ከነገርከኝ ከኋላዬ ያሉት ሁሉ ይሰማሉ።»

ቢላን ትባላለች። ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ አስራ አንደኛ ክፍል ነበረች። ከእናቷ ጋር በእግሯ ድንበር ተሻግራ ጅግጅጋ አጠገብ ካለ የስደተኞች መጠለያ ገባች። እዚያ በድንኳን ክሊኒክ ውስጥ ውሃ ከማፍላት ጀምራ፣ ከአዋላጇ ጎን ቆማ እያየች፣ በኋላም እጇን እየሰደደች ማዋለድን ተማረች። አገሯ ስትመለስ 31 ሜይ ሰፈር ባለች አንዲት የእናቶች ክሊኒክ በጽዳት ተቀጠረች። መጥረጊያ ነው የያዘችው፤ ምጥ ሲጠና ግን የሚጠሩት እሷን ነው። በዚያ ዓመት አዲስ የአዋላጆች ማሠልጠኛ ሊከፈት መሆኑን ሰማችና የመግቢያ ፈተናውን ተፈተነች። ማስታወቂያው የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። እሷ ማመልከቻዋ ላይ «ምስክር ወረቀት የለኝም፤ ትምህርት ቤቴም የለም» ብላ እውነቱን ጻፈች። አሁን መልሱ መጥቶ ነው።

ሙሰዓብ ወረቀቱን ተቀበላት። ደብዳቤው ሁለት ረጃጅም ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ ካርቦኑም ደብዝዟል። ዓይኑን ሮጥ አደረገበት። «ላክ» ይላል፤ ማጣት። ቀጥሎ ምስክር ወረቀት ይላል። ከዚያ «ኖትዊዝስታንዲንግ» የምትል፣ እንደ ባቡር ፉርጎ የተቀጣጠለች ቃል አለች፤ አይቷት አያውቅም። «ኖ» ይላል። «ሪፊዩዚንግ» ይላል፤ መከልከል። ታች ደግሞ «ፌሊንግ» አለ፤ መውደቅ። ፈተና የወደቀ ሰው በእንግሊዝኛ እንዲያ ሲባል ከልጅነቱ ያውቃል።

ወደ ረጅሟ ቃል ተመለሰ፤ በሆዱ ቆራረጣት። ኖት፣ አይደለም። ዊዝ፣ ጋር። ስታንዲንግ፣ መቆም። ከኋላ አንድ ሰውዬ «መዓሊን፣ ሚኒባሱ ሊሄድብኝ ነው!» እያለ ይጮሃል።

«እህቴ» አላት ሙሰዓብ፣ «አልተቀበሉሽም። ምስክር ወረቀቱ ስለሌለሽ ከሌሎቹ ጋር መቆም አትችይም ነው የሚሉት።»

ቢላን እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ተቀበለችው። ከዚያ «ፈተናውንስ?» ብላ ጠየቀች።

«መውደቅ የሚል ቃል አለበት።»

«ወድቄአለሁ?»

«እንግዲህ እንዲያ ይላል። ቅሬታ ካለሽ ግን እስከ አስራ አምስተኛው ቀን ሪፖርት ማድረግ ትችያለሽ።»

«ለማን ነው ቅሬታ የማቀርበው? እውነታቸውን ነው፤ የለኝም» አለች። ወረቀቱን በአራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «አላህ ይስጥልኝ፣ መዓሊን» ብላው በሰልፉ ጎን ወጥታ ሄደች። ሙሰዓብም ሚኒባሱ የሚሄድበትን ሰውዬ ጉዳይ ያዘ።

ዐሥር ቀን አለፈ። ሐሙስ ጠዋት ዋርሳን የሚባል ግንበኛ መጣ። ቤት ሠርቶ ለአንድ የውጭ ድርጅት ሊያከራይ ነው፤ ድርጅቱ የላከለትን ውል ሳይፈርም በፊት ማወቅ ፈልጓል። ሙሰዓብ አንድ በአንድ እያነበበ በሶማሊኛ ይነግረው ጀመር። ሦስተኛው አንቀጽ የቤቱን እድሳት ሁሉ ተከራዩ ይችላል ይላል። አራተኛው አንቀጽ መጀመሪያ ላይ ያቺ እንደ ፉርጎ የተቀጣጠለች ቃል ቁጭ ብላለች።

«ከሦስተኛው አንቀጽ ጋር አይቆምም...» ብሎ ጀመረና ቆመ። ቀጥሎ ያለው ጣሪያውን የሚጠግነው አከራዩ ነው ይላል።

«ማነው የማይቆመው?» አለ ዋርሳን።

«ቆይ።» እንደገና አነበበው። ሙሰዓብ በለመደው መንገድ ካስኬዱት ዓረፍተ ነገሩ ራስ የለውም፣ ጅራት የለውም።

ዋርሳን ሳቁን ለቀቀው። «መዓሊን፣ እኔ እኮ ቀላል ነገር ነው የምጠይቅህ። ጣሪያውን እጠግናለሁ ወይስ አልጠግንም?»

ሙሰዓብ አልሳቀም።  ያቺ ረጅም ሴት፣ ወረቀቱን በአራት ስታጥፈው፣ «አላህ ይስጥልኝ» ስትለው ታየችው። 

«ዋርሳን፣ ይህችን ቃል አላውቃትም» አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከአፉ ያልወጣ ነገር ነው። «ጠይቄ እነግርሃለሁ» ብሎ መስኮቱን ዘጋ። የተሰለፉት ሰዎች እያጉረመረሙ ቀሩ።

ኮድቡር ሰፈር ውስጥ አቦኮር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በእንግሊዞች ዘመን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ እንግሊዝኛቸው ግን እንደ ድሮው ነው። ሙሰዓብ ለእርሳቸው ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ተይቦላቸዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ስህተቱን በቀይ አርመው መልሰውለታል። ከዚያ ወዲህ ይሸሻቸው ነበር። አሁን በራቸውን አንኳኳ።

አቦኮር ግቢያቸው ውስጥ ጥላ ሥር ሻሂ ይዘው ተቀምጠዋል። ሙሰዓብ ሰላምታውን በጥድፊያ ጨርሶ ቃሏን ተናገረ።

«አዴሮ» አላቸው፣ አጎቴ እንደ ማለት ነው፤ «ምን ማለት ናት?»

«አንተ ምን ማለት ትመስልሃለች?» አሉት።

«አብሮ አለመቆም።»

ሽማግሌው ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። «ዊዝ ጋር ማለት ነው ብለህ ነው?»

«አይደለም?»

«ዛሬ ነው። ድሮ ግን፣ የጥንቶቹ እንግሊዞች በሚናገሩበት ጊዜ፣ መቃወም ነበር ትርጉሙ። ፊት ለፊት፣ በተቃራኒ። አሮጌው ትርጉም በሁለት በሦስት ቃል ውስጥ ብቻ ተደብቆ ቀረ። ዊዝስታንድ ሲሉ አብሮ ቆመ ማለታቸው አይደለም። የመጣበትን ነገር ፊት ለፊት ቆሞ መለሰው ማለታቸው ነው።»

«ተቋቋመው» አለ ሙሰዓብ በአማርኛ፣ ሳያስበው።

«ምን አልክ?»

«በአማርኛ እንዲሁ ነው። ቆመ እንላለን። ጠላት ወይም ችግር መጥቶበት ያልተበገረውን ደግሞ ተቋቋመ እንላለን። ሥሩ አንድ ነው።»

አቦኮር ፈገግ አሉ። «ታዲያ ቋንቋህ ነግሮሃል እኮ። አሁን ኖትን ጨምርበት። ሳይቋቋመው፣ ሳይቆምበት፣ ሳያግደው። የሕግ ሰዎች ናቸው ያመጧት፤ በላቲን ‹መንገድ ላይ ሳይቆም› የሚል አባባል ነበራቸውና እሱን ገልብጠው ነው። ዝናቡ ኖትዊዝስታንዲንግ ሰውየው መጣ ቢሉህ፣ ዝናቡ ቢዘንብም መጣ ማለት ነው። ዝናቡ አላስቀረውም።»

«ቢኖርም... ባይኖርም...»

«አዎ። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል። ከስሙ ፊት ልትመጣ ትችላለች፤ ከስሙ ኋላም ልትመጣ ትችላለች። ብዙ ሰው የሚስተው ከኋላ ስትመጣ ነው፤ ያለፈውን ትቶ ከሚቀጥለው ጋር ያነባታል።»

ሙሰዓብ የቢላንን ደብዳቤ በሐሳቡ ዘረጋው። ቃሏ ከኋላ ነበረች። ምስክር ወረቀት ማጣቷ፣ ከዚያ ቃሏ፣ ከዚያ ነጠላ ሰረዝ፣ ከዚያ «ኖ» እና መከልከል። «ምስክር ወረቀት ባይኖራትም... የምንከለክልበት ምክንያት አላገኘንም።» በሶማሊኛ ጮክ ብሎ ነበር ያለው።

«ይህ ለማን ነው የተባለው?» አሉ አቦኮር።

ሙሰዓብ ነገራቸው። ምንም አልደበቀም፤ ሰልፉን፣ ጥድፊያውን፣ የራሱን ኩራት ጭምር። «ፌሊንግ የሚልም ነበረ» አላቸው። «ወድቀሻል አልኳት።»

«ከቀን ጋር ነው የመጣው?»

«አዎ። አስራ አምስተኛው ቀን።»

«በዚያ ቀን ባትገኚ ማለት ነዋ! ባትገኚ ቦታሽ ይሰረዛል። ዛሬ ስንት ነው ቀኑ?»

«አስራ ሦስት።»

አቦኮር ምርኩዛቸውን አንስተው ወደ በሩ ጠቆሙት። «እኔ ጋ ቁጭ ብለህ ምን ታደርጋለህ? ሂድ!»

የቢላንን ቤት አያውቅም፤ ክሊኒኳን ግን ነግራዋለች። ወደ 31 ሜይ ሰፈር በሚኒባስ ሄዶ፣ ከዋናው መንገድ ወርዶ ግማሹን በሩጫ፣ ግማሹን በእርምጃ ደረሰ። በሩ ላይ ያገኛት ነርስ ፋዱሞ ትባላለች፤ ቢላንን ሲጠይቃት ፊቷ ተኮሳተረ።

«ቢላን የለችም። ሳምንት አለፋት፣ ገቢለይ እናቷ ዘንድ ሄደች። ምን ሆና እንደሆነ እኛም አላወቅንም። አንድ ሰኞ መጣችና ማዋለጃ ክፍል አልገባም አለች። ምጥ የያዛት ሴት እየጮኸች፣ እኔ ብቻዬን ሆኜ፣ ‹ቢላን ነይ› ስላት፣ ‹ወረቀት የሌለው ሰው እጁን አይሰድም፤ ትልልቆቹ ሰዎች ተናግረዋል› አለችኝ። በማግስቱ መጥረጊያውን አስቀምጣ ሄደች።»

 ለሙሰዓብ ቦታ ብቻ እንዳስቀረባት ነበር የመሰለው። እጇን ጭምር እንዳሰረባት አሁን ነው የገባው።

«ሴትየዋስ?» አለ። «ያቺ ምጥ የያዛት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ወለደች። እኔን ግን ላብ በላብ አደረገችኝ።»

ማታ ለሰዓዳ ሁሉንም ነገራት። ሰዓዳ ልብስ እየጠቀመች ሰማችው፤ አልተቆጣችም፣ አላባበለችውምም። «ነገ ዓርብ ነው» አለችው። «በጠዋት ከወጣህ ከጁምዓ ሶላት በፊት ገቢለይ ትደርሳለህ። ስትደርስ ደግሞ ‹ተሳሳቱ› እንዳትላት። ‹ተሳሳትኩ› በላት።»

ዓርብ ጠዋት ሰውና ማሽላ ጆንያ በተጠቀጠቀበት መኪና ወደ ምዕራብ ተጓዘ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር የገቢለይ ማሳ አረንጓዴ ለብሷል። ከተማው ውስጥ «ከመጠለያ የተመለሰችው አዋላጅ» ሲል ጊዜ የጠየቀው ሁሉ አወቃት። ቤቱንም አሳዩት። ቢላን ከቤቱ ጀርባ ባለች ጭብጥ በምታህል ማሳ ውስጥ ቀሚሷን ሰብስባ ትኮተኩታለች። እናቷ ዓምራን በር ላይ ተቀምጠዋል።

ቢላን ስታየው አላወቀችውም፤ መስኮቱ ውስጥ እንጂ ቆሞ አይታው አታውቅም።

«መዓሊን ነኝ» አላት። «የሐርጌሳው። ደብዳቤሽን አስቀምጠሻል?»

«ለምን?»

«ተሳሳትኩ። የማላውቃት ቃል ነበረች፤ አላውቃትም ማለት አፍሬ ገምቼ ነገርኩሽ። ደብዳቤውን እንደገና ላንብበው።»

ቢላን መኮትኮቻውን መሬት ላይ ጣለችው። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ ቦርሳዋን ይዛ መጣች። ወረቀቱ በአራት እንደታጠፈ ነው። ሙሰዓብ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው፤ ጣቱን ከቃል ወደ ቃል እያሻገረ፣ ምንም ሳይዘል፣ እያንዳንዷን ቃል ትርጉሟን እየተናገረ አነበበላት።

«‹አመልካቿ የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት ባይኖራትም፣ ኮሚቴው ቦታ የሚነፍግበት አንዳችም ምክንያት አላገኘም። አመልካቿ ከጁላይ አስራ አምስት ሳታሳልፍ በአካል ትቅረብ፤ ካልቀረበች ቦታው ይሰረዛል።› ይኸው ነው። ሌላ ነገር የለበትም። አልወደቅሽም፣ ቢላን። ተቀብለውሻል።»

መጀመሪያ የመጣው ደስታ አልነበረም። ፊቷ ጠቆረ።

«ዐሥራ አንድ ቀን» አለች። «አንተ ጋ የመጣሁት እኮ በሚገባኝ ቋንቋ ትነግረኛለህ ብዬ ነው። አምኜህ ነው። ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ‹ደንቆሮ ነሽ ተባልኩ› እያልኩ አለቀስኩ። ፋዱሞ ስትጠራኝ አልሄድኩላትም። ያቺ ሴት ሞታ ቢሆንስ?»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም!»

«እሺ፣ አላውቅም» አለ ሙሰዓብ፤ አንገቱን ደፍቶ። «በሰላም ወልዳለች። ፋዱሞ ነግራኛለች።»

እናቷ ዓምራን አማርኛውን አልሰሙም፤ ከመጠለያው የያዟቸው ጥቂት ቃላት ግን አሉ። «ተቀብለውሻል» የምትለዋን ያዟት። ከበሩ ተነስተው «ማንን ነው? ማንን ነው የተቀበሉት?» አሉ በሶማሊኛ።

ቢላን ወደ እናቷ ዞረች። እጇን ወደ ደረቷ ብቻ አመለከተች። አሮጊቷ በአንድ እጃቸው ልጃቸውን፣ በሌላው ሙሰዓብን ይዘው «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ይሉ ጀመር፤ ጉዳቱን ያደረሰው ይህ ሰው መሆኑን ማንም አልነገራቸውም። ሙሰዓብ ራሱ ነገራቸው። ትንሽ አሰቡና «መጥተሃል አይደል?» ብለው እጁን ሳይለቁት ቀሩ።

ከጁምዓ በኋላ በተገኘችው መኪና ሁለቱም ተመለሱ። በመንገዱ ላይ ቢላን አንድ ጊዜ ብቻ አናገረችው። «ያቺን ቃል እስቲ በላት» አለችው። አላት። ደገመችው፤ ሁለተኛው ላይ ምላሷ ተሰናከለ፣ ሦስተኛው ላይ ወጣላት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የማሠልጠኛው በር ላይ ነበሩ። ሕንፃው ገና ቀለም አልነካውም፤ ግንበኞቹ ግቢው ውስጥ ሲሚንቶ ያቦካሉ። የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ኡምሰልማ መነጽር ያደረገች፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት። ወረቀቱን አየች፣ ዝርዝሯን ገለጠች።

«ቢላን። በፈተና ሁለተኛ የወጣሽው አንቺ ነሽ?»

ቢላን ወደ ሙሰዓብ ዞራ አየች፤ ይህንንም እንዲተረጉምላት የፈለገች ይመስል። የተነገራት ግን በገዛ ቋንቋዋ ነው።

«ሁለተኛ?» አለች።

«ሁለተኛ። እስካሁን የት ነበርሽ? ሌሎቹ ከሳምንት በፊት ተመዝግበዋል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ስምሽን ልሰርዘው ነበር።»

«እኔ ነኝ ያዘገየኋት» አለ ሙሰዓብ። «ደብዳቤውን የተረጎምኩላት እኔ ነኝ። ተገላብጦብኝ አልተቀበሉሽም አልኳት።»

ኡምሰልማ መነጽሯን አወለቀች። የሚመጣውን ቁጣ ሊቀበል ተዘጋጀ። እሷ ግን ደብዳቤውን እንደገና አንስታ፣ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። ከዚያ ዝርዝሩን አየች። ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ይህ ደብዳቤ የተላከው ምስክር ወረቀት ለሌላቸው አራት ሴቶች ነው» አለች። «ኮሚቴው ውስጥ ያሉት የውጭ አገር ሰው ናቸው የጻፉት። ሁለቱ መጥተዋል። አንቺ ሦስተኛዋ ነሽ። አራተኛዋ አልመጣችም። እኔ ደግሞ ሐሳቧን ቀይራ ነው ብዬ...»

ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ።

«ስሟ ማነው?» አለች ቢላን።

«ሳዶ። አድራሻዋ ኮድቡር ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም።»

«ሬዲዮ ላይ ይነገር» አለ ሙሰዓብ። «ማስታወቂያ ከሰዓት በፊት ይቀበላሉ።»

«ጻፍ» አለች ኡምሰልማ፣ እስክሪብቶና ወረቀት እየገፋችለት። «ግን ሰው የሚገባው አድርገህ ጻፍ።»

ሙሰዓብ በሶማሊኛ ጻፈ። ሰርዞ እንደገና ጻፈ። መጨረሻ ላይ የቀረው ይህ ነበር፦ «የኮድቡሯ ሳዶ፣ የአዋላጅነት ፈተና የተፈተንሽ፤ ወረቀት ባይኖርሽም ተቀብለንሻል፤ ዛሬውኑ ነይ።» ኡምሰልማ አነበበችው፤ አንድም ቃል አልነካችበትም። ዘበኛው ይዞት ሮጠ። ኡምሰልማም ቀኑ ቢያልፍም ሰኞ ድረስ ሳዶን እንደምትጠብቃት ለራሷ ማስታወሻ ጻፈች።

ቢላን ቅጹን ሞልታ ፈረመች።  ሥራዋ አልቆ መሄድ ስትችል አልሄደችም፤ በሩ አጠገብ ካለው የብሎኬት ክምር ላይ ተቀመጠች። ሙሰዓብም ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ከግንበኞቹ ሬዲዮ ዜናው፣ ከዜናው በኋላ የጠፋች ግመል ማስታወቂያ፣ ከዚያ የሳዶ ስም ተሰማ። አንደኛው ግንበኛ «የትኛዋ ሳዶ?» አለ። ሌላው «ላሁሕ የምትጋግረዋ ትሆን?» አለ።

ከዙህር ሶላት በኋላ ነው የመጣችው። ከቢላን ታናሽ ትሆናለች፤ እስከ ክንዷ ድረስ ሊጥ አለ፣ አንደኛው ጫማዋ የሌላ ሰው ነው። በሩ ላይ ቆመችና ለመግባት አቅማማች።

«ሬዲዮው ላይ... እኔን ነው?» አለች። «ለሰው አስነብቤው ነበር፤ አይሆንም ብለውኝ ነበር።»

ሙሰዓብ ምድር ብትውጠው በወደደ፤ ለማን እንዳስነበበች አልጠየቀም። ፊቷን ግን አያስታውሰውም፣ ኮድቡርም ሌሎች ጸሐፊዎች አሉ። ልቡ ዳር ላይ ትንሽ አየር ገባ።

ቢላን ከክምሩ ላይ ተነስታ ሊጥ የያዘውን ክንድ ያዘች። «አንቺን ነው» አለቻት። «ባይኖርሽም ነው የሚለው። ባይኖርሽም። ነይ ግቢ።» ይዛት ገባች። በሩ ሳይዘጋ በፊት ወደ ሙሰዓብ ዞራ በአማርኛ «ሂድ አሁን፣ መዓሊን፤ ቤትህ ግባ» አለችው፤ ቁጣውም ከድምፅዋ ወጥቶ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ፋዱሞ ምጥ ላይ ያለች ሴት ይዛ ስትጠራት ቢላን ፈጥና ሄደች፤ ትምህርት ቤት እስክትገባም ከክሊኒኳ አልጠፋችም። የዋርሳንም ነገር እልባት አገኘ፤ ጣሪያውን የሚጠግነው እሱ ነው። ሰምቶ ተራገመና ፈረመ። ሙሰዓብም መስኮቱ ላይ «ይህን አላውቀውም፣ ነገ ጠይቄ ልንገርዎ» ማለት ጀመረ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀበት፤ አንዳንዱ ወደ ሌላ ጸሐፊ ሄደ። የቀሩት ቀሩ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ያልገቡትን ቃላት በወረቀት ይዞ ወደ አቦኮር ቤት ይሄዳል፤ ሽማግሌውም በቀይ እስክሪብቶ ይጠብቁታል።

ያን ቅዳሜ ግን ከማሠልጠኛው በቀጥታ ቤቱ ነው የገባው። ሰዓዳ ምሳ አቅርባ «እህስ?» አለችው። «ገቡ» አላት፤ «ሁለቱም።» ሰዓዳ ሌላ ምንም ሳትጠይቀው ሩዙን ወደ እሱ ገፋችው። ግማሹን ሳይጨርስ እዚያው ምንጣፉ ላይ ጋደም አለ። ሰዓዳ ሁለት ጊዜ ቀሰቀሰችው፤ አልሰማትም። ጫማውን ከእግሩ አወለቀችለትና ነፋሱ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋች።